ቃጭሉን ይዤ ጊዳን የሄድኩ ጊዜ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የጨበጥኩት ለመፈረም ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው። ከጊዳን ከተመለስኩ ጀምሮ ቧንቧው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ሴቶቹ «እስቲ ንገሪን፤ ከተራራው ማዶ ምን አየሽ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራል። «ደህና ነው» ብዬ ጀሪካኔን ይዤ እሄዳለሁ። ማንበብ የምትችል አንዷ ታንብብላቸው ብዬ ጻፍኩት።

ቤታችን ከአሸተን ማርያም በታች መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጦርነቱ ሳይደርስብን ሃያ ስድስት በግ ነበረን። አባቴ የባና፣ የወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነው፤ የሚሸምነውም ከራሳችን በጎች ጠጉር ነበር። ሲመሽ ከመሸመኛው ጉድጓድ ሳይወጣ «በጎቹ ገቡ?» ብሎ ይጠራኛል። ሲገቡ እየሰማ እንኳ ይጠይቃል። እኔም «ገቡ» እላለሁ። በየቀኑ ነው፤ እንደ ሰላምታ ነበር።

የታጠቁ ሰዎች መጡ የተባለ ቀን ንጋት ላይ አባቴ በጎቹን ወደ ገደሉ ሥር እንድነዳ ላከኝ። ጉም ነበር። ድምፅ እንዳይሰማ ብዬ ከፊት ከምትሄደው በግ አንገት ላይ ቃጭሉን ፈታሁት። በግ በጉም ውስጥ መንገድ አያይም፤ የሚከተለው ቃጭሉን ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ፍርሃት አስረሳኝ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ አምስት በግ ብቻ ቀረ። የቀሩት ተበታትነው ገደል የገቡም፣ ወደ ጋጣው ተመልሰው የታረዱም አሉ። ማን እንደበላቸው አላውቅም። የመጣውም የሄደውም ተርቦ ነበር። አምስቱም በዓመቱ ክትባት የሚሰጥ ጠፍቶ በሳል አለቁ።

ለአባቴ «ጉሙ በተናቸው» አልኩት። ስለ ቃጭሉ አልነገርኩትም። በጨርቅ ጠቅልዬ ልብሴ ሥር ደበቅሁት። እሱም አልጠየቀኝም። ማታ ማታም መጠየቁን ተወ። ጠጉር ስለሌለ መሸመኛውም ዝም አለ። ዘንድሮ ጎረቤታችን የጋጣውን እንጨትና በሩን ሊገዛው ሲጠይቀው፣ አባቴ «አስተርዮ ማርያም ትለፍና ና ውሰደው» አለው። እናቴ ስታለቅስ እኔ ሰማሁ፤ እሱ ግን አልሰማም።

ወደ ጊዳን የጠራን መልእክት የመጣው ለገና ላሊበላ በመጡ የጊዳን ሰዎች ነው። እዚያ ጊዳን አያ ካሳው የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት አመዴ የምትባል ግልገል በርቢ ሰጥቷቸው ነበር። ርቢ ማለት በጓን አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፤ በኋላ የተገኘውን እኩል ይካፈላሉ። ባለቤታቸው የላኩት መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ካሳው አርፏል። የርቢያችሁ በግ ግን አለች። መጥታችሁ ተካፈሉ።»

አባቴ ጉልበቱን ያመዋል። እናቴ «ሙሉ ትሂድ» አለች።

«እሷ?» አለ አባቴ። «እሷ እኮ ሰው ሰላም ማለት ታፍራለች።»

«በጓን ሰላም ማለት አታፍርም» አለች እናቴ።

ስነሳ አንድ ነገር ብቻ መከረኝ። «ጥርስ አይተሽ ምረጪ። ወጣት ወጣቷን ያዢ።» እኔም ቃጭሉን ማንም ሳያየኝ ከስንቄ ጋር ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ ከላሊበላ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎኔ የተቀመጠችው ዘነቡ የምትባል የከብት ጨው ነጋዴ ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት። መንገዱ አቧራ ነው። እኛ ጋ ተራራው ከበላያችን ይቆማል፤ እዚያ ግን መኪናው ራሱ በተራራው ወገብ ላይ እየሄደ ተራራውን አናየውም። የማየው ባዶ ግጦሽ ብቻ ነበር። ሣሩ እስከ ጉልበት አድጎ ደርቋል። እኛ ጋ ቢሆን እንዲህ ያለ ሣር ሲታይ ደስ ይላል፤ እዚህ ግን የሚግጠው አጥቶ መድረቁ ነው።

«አየሽው?» አለችኝ ዘነቡ። «ድሮ በዚህ መንገድ ስንሄድ በግ መንገድ እየዘጋብን ሾፌሩ ጆሯችን እስኪደነቁር ጥሩምባ ይነፋ ነበር። የኔም ጨው በአንድ ገበያ ያልቅ ነበር። ዛሬ የሚገዙኝ ለወጣቸው ነው።»

እኔ መውረድ ያለብኝ ከኩልመስክ በፊት፣ አንዲት ትልቅ ዋርካ ጋ ነበር። ዋርካዋን አየኋት። «ወራጅ አለ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። መኪናው ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ዞሮ ሊያየኝ ነው። አፌን ዘጋሁት። ዋርካዋ ወደ ኋላ ቀረች። ሌላ ሰው በወረደ ብዬ ጸለይኩ፤ ማንም አልወረደም።

ኩልመስክ ስንደርስ ዘነቡ «አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ?» አለችኝ።

«ያለፍነው ጋ።»

«ያለፍነው ጋ ማለት?»

«ዋርካው ጋ ነበርኩ… ወራጅ ማለት አፍሬ ነው።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ኧረ በማርያም! ለረዳቱ ብትነግሪው እኮ ሊያገባሽ አልነበረም!» ከዚያ የስንቅ ቋጠሮዬን ከእጄ ነጥቃ «ነይ» አለች። ቤቷ ወስዳ የገብስ እንጀራ በባቄላ ሹሮ አበላችኝ። የእኛ እንጀራ ጤፍ ስለሚቀላቀልበት ይለሰልሳል፤ የእሷ ሻካራ ነው፣ ግን ሆድ ይይዛል። አብሬያት ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ አንድ ጭብጥ ጨው በወረቀት ቋጥራ ሰጠችኝ። «በግሽን ስትቀበዪ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ አልሺያት» አለችኝ። «ያን ጊዜ እጅሽን ታውቀዋለች።»

ሁለተኛው ቀን፦ በእግሬ ወደ ዋርካዋ ተመለስኩ። ከዚያ ሽቅብ ነው። ጠይቄ እንዳልሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንገቴን ደፋሁ፤ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ጓሮ ገባሁ። ሁለተኛው ጓሮ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ምን ፈለግሽ ልጄ?» ሲሉኝ ቃጭሉን አውጥቼ አሳየኋቸው። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም። ደግነቱ ገባቸው። «በግ ነው? በግ የቀረው እትዬ ጥሩ ቤት ብቻ ነው» ብለው በበትራቸው ጠቆሙኝ።

እትዬ ጥሩ የአያ ካሳው ባለቤት ናቸው። ስልሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ስማቸውን ስጠራ «የደሳለኝ ልጅ! አፍንጫሽ አባትሽን!» ብለው ሳሙኝና እጄን ይዘው ቀጥታ ወደ ጋጣው ወሰዱኝ። ውኃ እንኳ አላቀረቡልኝም። የቸኮሉት በግ ደብቀዋል ብዬ እንዳልጠረጥራቸው ነው፤ በኋላ ነው የገባኝ።

ሦስት በግ ነበር። አንዷ አመዴ ናት። ጆሮዋ ላይ የአባቴ ብጥ፣ የባለቤትነት ምልክቱ፣ አለ፤ ግራ ጆሮ፣ ጫፉ ላይ። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ጊዳን ስትላክ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኝቻታለሁ። «አመዴ» አልኩ። ቀና አለች። በዚያ ጋጣ ውስጥ የሸተተኝ ሽታ የቤታችን የድሮ ሽታ ነበር። እኛ ጋ ጋጣው አሁን የሚሸተው አፈር ብቻ ነው።

ሁለቱ ወጣቶች ልጆቿ ናቸው። «ሠላሳ ነበሩ» አሉ እትዬ ጥሩ። «ሰው ሁሉ ሸሽቶ ቆላ ሲወርድ ካሳው በጎቹን ይዞ ተራራው አናት፣ ጓሳው ሣር ላይ ወጣ። የደጋውን ጅብራ ከነግንዱ እየነቀለ ነፋስ መከላከያ ሠራላቸው። ውርጩ ደረቱ ውስጥ ገባ። ይዟቸው የተመለሰው ሰባት ነው፤ እሱም ከዚያ ወዲያ አልተሻለውም። የእንስሳት ክሊኒኩ ተዘርፎ መድኃኒት ስላልነበር ከሰባቱ አራቱ ሞቱ። ሊያርፍ ሲል ‘የደሳለኝን በግ’ አለኝ። ሌላ ኑዛዜ የለውም። እኔን እንኳ አላነሳኝም፣ አመዳም!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ።

ከራት በፊት እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ወሬ ጀመሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። «የባላባቱ በግ ተከፋፈለ ተባለ። ለአባቴ አምስት ደረሰው። በጭፈራ ነው ያመጣናቸው። ‘አብዮቱ በግ ሰጠን’ እያልን እኛ ልጆች ስም አወጣንላቸው። ሳንጠግባቸው ለሠራዊት ስንቅ አዋጡ ተባለ፤ አምስቱም ሄዱ፣ የራሳችንም ተከትለው ሄዱ። ከዚያ ድርቅ። እኔ ሦስት መንግሥት አይቻለሁ፤ ሁሉም ሲመጣም በግ ይበላል፣ ሲሄድም በግ ይበላል።»

«ታዲያ እንዴት አገገማችሁ?» አልኳቸው። የሚገርመው ሳላፍር ነው የጠየቅሁት።

«ያንቺ አያት ነዋ! ያኔ በእናንተ በኩል ትንሽ ተርፎ ነበር። አንድ እርጉዝ በግ በትከሻው ተሸክሞ ተራራውን ተሻግሮ መጣ፤ በርቢ። ኋላ ደግሞ የእናንተ ሲያልቅ ከዚህ በግ ሄደላችሁ። አመዴ የዚያች በግ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ሁሉንም አንድ ጋጣ ውስጥ ብናጉር ኖሮ ዛሬ ዘሯ የለም። አንዱ ማዶ ሲዘረፍ በሌላው ማዶ ያለችው ትተርፋለች።»

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ቃጭሉን ከስንቄ አውጥቼ «እኔ ነኝ የፈታሁት» አልኩ። «በጎቹ የጠፉት በኔ ነው። አባዬ አያውቅም።»

ቃጭሉን ተቀበሉኝና ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ትንሽ ነቀነቁት። ጋጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። ሦስቱም በጎች ሲነሱ ሰማን።

«እናታቸው ከግልገልነቷ ታውቀዋለች፤ ልጆቿ እሷን ተከትለው ነው» አሉ። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «አባትሽ ቃጭል የሚያስር ሰው ነው፤ ቃጭል መጥፋቱን ሳያውቅ ይቀራል ብለሽ ነው? ነይ ብዪ አሁን፤ ሹሮው ቀዘቀዘ።»

የዚያን ምሽት ብርድ አልረሳውም። እኛ ጋ ብርድ ይላል እንጂ አይነክስም። የለበስኩት ባና የአያ ካሳው ነበር፤ መሐሉ ሳስቶ ብርሃን ያሳያል። የሚተካው ጠጉር የለም።

ሦስተኛው ቀን፦ ጠዋት ተካፈልን። በርቢ ደንብ የሚከፋፍለው አርቢው ነው፤ የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። እትዬ ጥሩ አመዴን በአንድ በኩል፣ ሁለቱን ወጣቶች በሌላ በኩል አቆሙና «ምረጪ» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እያዩኝ እንዳላፍር።

የአባቴን ምክር አልረሳሁም። «ጥርስ አይተሽ ምረጪ» ነው ያለኝ። እኔ ጥርስ አላየሁም። ያየሁት ጆሮዋን ነው። ሁለቱን ብወስድ እኚህ ሴት በአንድ አሮጊት በግ ሊቀሩ ነው ብዬ አዝኜላቸው ነበር ብል እወድ ነበር። እውነቱ ግን ናፍቆት ነው። «አመዴን» አልኩ። ጨው መዳፌ ላይ አድርጌ አላስኳት፣ ቃጭሉን አሰርኩላትና ጋጣው ውስጥ ወዳሉት ልጆቿ ሳልመለከት ሽቅቡን ተያያዝነው።

የተመለስኩት በመኪና አይደለም። በግ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር! በተራራው አቋርጬ በአሸተን በኩል መውረድ ይሻላል አልኩ። ጓሳው አካባቢ ስንደርስ ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ በግ የነበረበትን ቦታ ሁሉ እነሱ ይዘውታል። አንድ ሰውዬ ገብስ የጫነች አህያ እየነዳ ከፊቴ መጣ።

«ደህና ዋልሽ! ይቺን በግ ጡረታ ልታስወጪያት ነው?»

ቆሞ የአመዴን ከንፈር ገለጥ አደረገው። ያን ጊዜ አየሁ። ከፊት ያሉት ጥርሶች ሁለት ብቻ ቀርተዋል። አባቴን አሰብኩት። ጋጣውን አሰብኩ። አስተርዮ አራት ቀን ቀርቶታል።

«አይዞሽ» አለ ሰውዬው። «ከኋላሽ ያሉት ደህና ናቸው።»

ዞርኩ። ሁለቱ ወጣቶች ከእኛ ኋላ ቆመዋል፤ እያለከለኩ። ቃጭሉን ተከትለው ነው የመጡት። የጋጣው በር በገመድ ብቻ ነው የሚታሰረው፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንዳሰርኩት አላስታውስም። ነፋሱ ኮቴያቸውን እንዳልሰማ አድርጎኛል።

«የኔ አይደሉም» አልኩት።

«ያንቺን ይከተሉ የለ?»

«የእትዬ ጥሩ ናቸው።»

ራሱን አከከ። «እህቴ፣ እኔ አላየሁም። በግ በገዛ እግሩ ከመጣ ማን ይጠይቅሻል?» አህያዋን መታ አድርጎ ሄደ።

እዚያ ብዙ ቆየሁ። ሦስት በግ። ሦስት በግ ይዤ ብገባ አባቴ በሩን አይሸጥም። ጠጉርም ይኖራል። እትዬ ጥሩም እኔን መንገድ ላይ ሊደርሱብኝ አይችሉም፤ ተኩላ በላቸው ብለው ያስባሉ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን እጽፈዋለሁ፤ አስቤዋለሁና። ከዚያ ቃጭሉን ነካሁት። አንድ ጊዜ በጎች በቃጭሉ ምክንያት ከእኛ ሄዱ። ሁለተኛ ጊዜ በቃጭሉ ምክንያት ከሌላ ሰው ሊሄዱ ነው። አመዴን ይዤ ዞርኩ። ሁለቱም ዞሩ።

እትዬ ጥሩ ከመንደሩ በላይ ወጥተው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ነጠላቸው መሬት ወድቋል፣ አላነሱትም። ቃጭሉን ሲሰሙ ተነሡ። በጎቹን ሲያዩ መልሰው ቁጭ አሉ።

«በሩን አላሰርኩትም መሰለኝ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «እንዲህ ያለ ሽቅብ ሁለት ጊዜ ልትወጪ ነው?»

አራተኛው ቀን፦ ስነሳ እትዬ ጥሩ ከወጣቶቹ አንዷን በገመድ አስረው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የቀኝ ጆሮዋ ላይ አዲስ ብጥ አለ፤ የአያ ካሳው ምልክት ነው። ደሟ ገና አልደረቀም።

«ይቺ የኔ ናት» አሉኝ። «በርቢ ለአባትሽ ሰጥቼዋለሁ። ያኔ የእናንተ እኔ ቤት ነበረች፤ አሁን የኔ እናንተ ቤት ትሁን። ከወለደች መጥተሽ ታካፍይኛለሽ። ወራጅ ማለት ደግሞ ተማሪ።» ዘነቡ ጋ የሆነውን አጫውቻቸው ስለነበር ነው።

እምቢ ማለት አላወቅሁበትም፤ ጉልበታቸውን ሳምኩ። የቀረችው አንዷ ስንሄድ ስትጮህ ተራራው ወገብ ድረስ ሰማኋት። እስካሁን ሲነፍስ የምሰማት ይመስለኛል።

ያን ቀን ከጓሳው ወዲህ ሲመሽብን ከማላውቃቸው ባልና ሚስት ቤት አደርን። ሴትየዋ «በግ ይዘሽ ውጭ? ጅቡ ምን ይለናል?» ብላ በጎቹን ምድጃው ጎን አስገባች። ባሏ እንጨት እየጨመረ በጎቹን ያያቸው ነበር። «ከጦርነቱ በፊት አሥራ ሁለት ነበረን» አለኝ። ጠዋት ስንወጣ የአመዴን ጀርባ በሁለት እጁ ዳሰሰው፤ ከዚያ መዳፉን ወደ አፍንጫው ወሰደው።

አምስተኛው ቀን፦ አሸተን ማርያምን ተሳልሜ ቁልቁል ስወርድ የላሊበላ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ጊዳን ሳለሁ ይህን ቆርቆሮ ናፍቄው ነበር፤ ሳየው ደግሞ የእትዬ ጥሩ እሳት ናፈቀኝ። አመዴ የልጅነት መንገዷን ታስታውስ ይሆን ብዬ አየኋት። ድንጋዩ አስቸግሯት ትንገዳገድ ነበር እንጂ ምንም አላስታወሰችም። ወንዙ ጋ ስትደርስ ግን ቆመችና ረጅም ጊዜ ጠጣች።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የጋጣው በር አልተነቀለም። እናቴ ከጓሮ ወጥታ አፏን በእጇ ያዘች። ለአባቴ የምለውን መንገዱን ሙሉ ሳጠና ነበር፤ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ርቢዋ፣ ስለ ቃጭሉም ጭምር። ሁሉም ጠፋብኝ። በጎቹን ወደ ጋጣው ነዳሁ። አመዴ ደፉን ስትሻገር ቃጭሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

እዚያው ጋጣው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ከመሸመኛው ጉድጓድ በኩል የአባቴ ድምፅ መጣ፤ የተቆጣ ነበር።

«በጎቹ ገቡ አይደል? ታዲያ በሩን ከፍተሽ ምን ትጠብቂያለሽ፤ ዝጊዋ!»